ቤት ውስጥ በቪዲዮ ስፖርት መሥራት፦ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ያዋጣል?

የልደታዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። ልደታ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ጅም ለመግባት የሥራ ሰዓቴ አይፈቅድም፣ ወርሃዊ ክፍያውም እየናረ ሄዷል፤ ስለዚህ ቪዲዮ እያየሁ ቤቴ ልሠራ ነው። ያገኘሁት የ60 ቀን ፕሮግራም ነው፤ በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ አካባቢ፣ አብዛኛው ዝላይ በዝላይ። ሶፋውን ገፋ ሳደርገው ሳሎኑ ላይ 2 በ2 ሜትር ተኩል ቦታ ይወጣኛል። ወለሉ ሴራሚክ ነው። ዕድሜ 31፣ ክብደት 74 ኪሎ፣ ቁመት 1 ሜትር ከ62። ዳምቤልም ሆነ ሌላ ዕቃ የለኝም። ከትምህርት ቤት ወዲህ ስፖርት የሚባል ነገር አልነካሁም፤ ጉልበቴና ወገቤ ግን ደህና ናቸው።

እማዬም "አብሬሽ ልሥራ" እያለችኝ ነው። 58 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች።

እንዲህ ዓይነቱ ነገር በእርግጥ ያዋጣል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው? ጥቅሙንም ጉዳቱንም የምታውቁ በዝርዝር ንገሩኝ። "በርቺ" ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ።

ኮች_አራትኪሎ፦

ያዋጣል። የመረጥሽው ፕሮግራም ግን ለአሁኑ የአንቺ አይደለም።

ከጥቅሙ ልጀምር። ጅም 1 ሰዓት ነው ይባላል እንጂ የታክሲ ሰልፉ፣ ልብስ መቀየሩና ማሽን እስኪለቀቅ መጠበቁ ሲደመር ግማሽ ቀንሽን ይበላል። ቤት ውስጥ 30 ደቂቃ ማለት 30 ደቂቃ ነው። ሰው ያየኛል ብለሽ አትሳቀቂም፣ ክረምት ሲገባም ዝናቡ አያስቀርሽም። "ዛሬ ምን ልሥራ" ብሎ ማሰብም የለም። አንዱን ቪዲዮ ስትደጋግሚው ደግሞ ለውጥሽን በቀላሉ ትለኪያለሽ፤ ባለፈው አምስት ቦታ ያቆምሽበትን ዛሬ ሁለት ቦታ ብቻ ካቆምሽ ተሻሽለሻል።

ጉዳቱ አሠልጣኙ አንቺን አለማየቱ ነው። ጉልበትሽ ወደ ውስጥ ቢታጠፍ፣ ወገብሽ ቢሰምጥ፣ ፊትሽ ቢገረጣ እሱ "አስር ሰከንድ ቀረን!" እያለ ይቀጥላል። የ60 ቀኖቹ ፕሮግራሞች ደግሞ አብዛኞቹ ቀድሞ ሲሠራ ለቆየ ሰው የተዘጋጁ ናቸው። እስቲ አስቢው፤ ጃምፒንግ ጃክ (እጅ እያነሱ እግር እየከፈቱና እየዘጉ መዝለል) ስትሠሪ በሰከንድ አንዴ ብትዘዪ በ10 ደቂቃ ውስጥ 600 ጊዜ ታርፊያለሽ፣ እያንዳንዱ ማረፍ እግርሽ ላይ የሚጭነው ከ74 ኪሎ በላይ ነው፣ ያውም ሴራሚክ ላይ፣ ያውም በሳምንት 6 ቀን። ትንፋሽ በሁለት ሦስት ሳምንት ይለምዳል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈጅባቸዋል። ሰው "ትንፋሼ ተስተካከለ" ብሎ ሲጨምር በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት ላይ ቅልጥሙን ወይም የጉልበቱን ፊት የሚያመው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 6 ሳምንታት እንዲህ አድርጊ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ 25 ደቂቃ፣ ዝላይ የሌለው ቪዲዮ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ፈጠን ያለ የ30 ደቂቃ እርምጃ፤ ከልደታ ሜክሲኮ ደርሶ መመለስ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ሥራ ይላል። ይሄ ዕቅድ እዚያ ያደርስሻል።

ያለሽን ቪዲዮም ቢሆን መጣል አያስፈልግም፣ ቀይሪው። ጃምፒንግ ጃክ ሲሉ አንድ እግር ወደ ጎን እየረገጥሽ እጅሽን አንሺ። በርፒ (መሬት ወርዶ እየዘለሉ መነሳት) ሲሉ እጅሽን ሶፋው ጠርዝ ላይ አድርገሽ አንድ አንድ እግር ወደ ኋላ ውሰጂ፣ መልሺ፣ ቁሚ። የዝላይ ስኳት (ቁጭ ብድግ) ሲሉ ተራ ስኳት ሠርተሽ ስትነሺ በጣቶችሽ ላይ ቁሚ። እነሱ 40 ሰከንድ ሠርተው 20 ሲያርፉ አንቺ 25 ሠርተሽ 35 እረፊ። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ኖረን ብንለምደውም ቆላ ላይ የተቀረፀ ሰው የሚሄድበትን ፍጥነት እዚህ እኩል ልከተል ማለት ያለ ምክንያት ማለክለክ ነው።

ቪዲዮ ስትመርጪ ሳትሠሪ አንዴ ከዳር እስከ ዳር እዪው። ማሟሟቂያው ከ5 ደቂቃ ካነሰ ተይው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ላይ ከሆነ እንዲያውም 8 ደቂቃ ያስፈልግሻል። ከጎን ቀለል ያለውን አማራጭ የሚያሳይ ሰው ካለበት ጥሩ ነው። ርዕሱ "በ30 ደቂቃ 1000 ካሎሪ" ካለ ዝለዪው። ስሌቱ ከባድ አይደለም፦ ጠንከር ያለ ኤሮቢክስ ከዕረፍት ጋር ሲነጻጸር 8 እጥፍ ገደማ ጉልበት ይጠይቃል፤ 8 ሲባዛ በ74 ኪሎ ሲባዛ በግማሽ ሰዓት 296 ካሎሪ ነው። ከዚያ አይበልጥም። "ቦርጭ በ7 ቀን" የሚለውንም እንዲሁ፤ ሆድ ስለሠራሽ ከሆድሽ ላይ ለይቶ የሚጠፋ ስብ የለም።

ፊዚዮ_ካዛንቺስ፦

ኮች ያለው ላይ ስለ አሠራሩ ልጨምር፤ በቪዲዮ ከሚሠሩ ሰዎች ላይ የሚበላሹት ነገሮች በጣም ተመሳሳይ ናቸው።

ስኳት፦ ከኋላሽ ወንበር አድርጊ። እግርሽን በትከሻሽ ስፋት ክፈቺ፣ ጣቶችሽ ትንሽ ወደ ውጭ ይዩ። መቀመጫሽን ወደ ኋላ እየላክሽ በ3 ሰከንድ ውረጂ፣ ወንበሩን ንኪው እንጂ አትዘርጠጪበት፣ በ1 ሰከንድ ተነሺ። ጉልበትሽ ከሁለተኛው የእግር ጣትሽ ጋር አንድ አቅጣጫ ይሂድ። የቪዲዮው ፍጥነት ከዚህ እጥፍ ነው፤ እሱን ለማሳደድ ስትሞክሪ ነው ተረከዝ የሚነሳው፣ ጉልበትም ወደ ውስጥ የሚገባው።

ፑሽአፕ መሬት ላይ አትጀምሪ። ግድግዳ ላይ 15 በምቾት ከሠራሽ ወደ ጠንካራ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወደ ሶፋ ጠርዝ፣ ከዚያ ወደ መሬት ውረጂ። ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ቀጥ ብሎ መቆየት) 1 ደቂቃ ወገብ እየሰመጠ ከመቆየት 15 ሰከንድ በትክክል፣ 4 ጊዜ ይሻላል። እግርን ሶፋ ሥር ሸጉጦ ሲትአፕ መሥራት ደግሞ ይቅርብሽ፤ ሥራውን የሚሠራው የታፋሽ ማጠፊያ ጡንቻ ሲሆን እሱ ወገብሽን ወደ ፊት ይጎትተዋል። በምትኩ በጀርባሽ ተኝተሽ እጆችሽን ወደ ጣሪያ ዘርጊ፣ ጉልበቶችሽን ከዳሌሽ በላይ አጥፊ፤ ወገብሽ ምንጣፉን ሳይለቅ ቀኝ እጅና ግራ እግርሽን በዝግታ አውርጂና መልሺ፣ ከዚያ ተቃራኒውን። በየጎኑ 6 ይበቃል። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም።

አሠልጣኙ የማያይሽን ስልክሽ ይይልሽ። ወንበር ላይ በወገብ ቁመት አስቀምጪና ከጎን ቅረጪ፣ በሌላ ቀን ከፊት። በሳምንት አንዴ ይበቃል።

ሕመምን ለይተሽ እወቂ። ከሠራሽ በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁለቱንም ጭን እኩል የሚሰማ መድከምና መጠዝጠዝ መሰል ሕመም የተለመደ ነው። አንድ ቦታ ላይ በጣት የምትጠቁሚው፣ እየሠራሽ የሚጨምር፣ መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ ግን ማቆሚያ ነው። አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ቆይቶ በመጀመሪያው ቀን እስኪዝል የሠራ ሰው በማግስቱ ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረና ጡንቻው ካበጠ፣ ጡንቻው ፈርሶ ኩላሊት እየጎዳ ሊሆን ይችላል። ያ ቀን ሳያድር ሆስፒታል ነው።

እናትሽን በተመለከተ፦ አብረውሽ ይሥሩ፣ የአንቺን ቪዲዮ ግን አይሥሩ። መጀመሪያ የሚከታተላቸውን ሐኪም ይጠይቁ። ከዚያ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ 8 ጊዜ፣ ግድግዳ ላይ ፑሽአፕ 8 ጊዜ፣ ወንበር ይዘው በጣት መቆም 10 ጊዜ፣ በቦታ ላይ እርምጃ 3 ደቂቃ፤ ይሄን ሁለት ዙር። ትንፋሽ ይዘው እንዳይገፉ ንገሪያቸው፤ ሲነሱ ማስወጣት፣ ሲቀመጡ ማስገባት። ፕላንክና ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥን የመሰሉ ባሉበት መቆየቶች በቆይታው ወቅት ግፊትን ከፍ ስለሚያደርጉ በራሳቸው አይጀምሯቸው። መድኃኒታቸው አቴኖሎልን የመሰለ ከሆነ የልብ ምታቸው እንደ ሌላው ሰው ስለማይጨምር በሰዓት የሚለካው ቁጥር ያታልላል። መመዘኛቸው ንግግር ይሁን፦ እየሠሩ ማውራት መቻል አለባቸው፣ መዝፈን ካቃታቸው ልኩ ነው። መሬት ላይ የሚተኛ ሥራ ካለ በአንድ ጊዜ አይነሱ፤ ያዞራቸዋል። የዚያን ቀን ግፊታቸው ሲለካ 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስፖርቱ ይቅርና ወደ ሐኪም ይሂዱ። ደረት ላይ መጫን፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለም እንዲሁ።

ሽቦ_በጣጥስ፦

እኔ የስፖርቱን ለባለሙያዎቹ ትቻለሁ፤ ስለ ዕቃውና ስለ ዳታው።

ኦንላይን እያየሽ አትሥሪ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሰውነትሽ ይቀዘቅዛል፣ በመካከል ማስታወቂያ ሲገባ ደግሞ የዕረፍት ቆጠራው ይበላሻል። የ40 ደቂቃ ቪዲዮ በ480 ጥራት በግምት ከ300 እስከ 400 ሜጋ ነው፤ በ1080 ከ1 ጊጋ ያልፋል። ላብ በላብ ሆነሽ የምታዪው ነገር 480 ይበቃዋል። ሌሊት ላይ በሌሊት ጥቅል የሳምንቱን ሦስቱንም አውርጂ፤ መብራት ቢጠፋም ስልክሽ ቻርጅ ካለው ሥራው አይቋረጥም።

ስልክ መሬት ላይ አድርጎ ማየት አንገት ይሰብራል። ቲቪ ካላችሁ በፍላሽ ክፈቺው። ፋይሉ ኤምፒ4 ይሁን። ድምፅ እየተሰማ ምስል ካልመጣ ቲቪው ኤች265 የሚባለውን አጨማመቅ አያነብም ማለት ነው፤ ኤች264 የሆነውን አውርጂ። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ብዙ ሰው "ፍላሹ ተበላሸ" የሚለው ይሄን ነው። አሠልጣኙ ፊት ለፊትሽ ቆሞ "ቀኝ" ሲል እጁ በአንቺ ግራ በኩል ነው፤ ስለ እሱ አትጨነቂ፣ ሁለቱም ጎን እኩል መሠራቱን ብቻ ቁጠሪ።

ብረት_ገፊ፦

ሁላችሁም ዝላዩ ላይ ተንጠለጠላችሁ። ለእኔ የቤት ቪዲዮዎች ዋናው ጉድለት መሳብ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ስኳት አለ፣ ፑሽአፕ አለ፣ ሆድ አለ፤ ጀርባ የለም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሶ ለሚውል ሰው ማታ ደግሞ ደረቱን ብቻ ሲያሠራ ትከሻው የባሰ ወደ ፊት ይመጣል።

መፍትሔው ወጥ ቤት ውስጥ አለ። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 5 ኪሎ ነው (ዘይቱ እንዳለ ከሆነ 4.6 ገደማ፣ ዘይት ከውኃ ስለሚቀል)፤ ደረቅ አሸዋ ሲሞላ ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ በውኃ 2፣ በአሸዋ 3 ኪሎ አለፍ ይላል። ግራ መዳፍሽን ወንበር ላይ ተደገፊ፣ አንድ እግር ከፊት አንድ ከኋላ፣ ጀርባሽ ቀጥ ይበል። በቀኝ እጅሽ የያዝሽውን ጀሪካን ወደ ሱሪ ኪስሽ አቅጣጫ ሳቢ፤ ወደ ደረትሽ ከሳብሽው ሥራውን አንገትና ክንድ ይወስዱታል። ላይ ስትደርሺ አንድ ሰከንድ ያዢ፣ በሁለት ሰከንድ አውርጂ። በየጎኑ 10፣ ሦስት ዙር። ሦስቱንም ዙር 15 ከደረስሽ ክብደት ጨምሪና ወደ 8 ተመለሺ። ዙሩ ሲያልቅ "ሁለት ሦስት ይቀረኝ ነበር" የምትይበት ልክ ላይ ማቆም ነው፤ አስር የቀረሽ ከሆነ ጡንቻው ምክንያት አላገኘም።

ቪዲዮ ላይ የሚታየውን ፎጣ በር ላይ አስሮ መሳብ ተይው። የኮንዶሚኒየም የውስጥ በሮች ማጠፊያ ለዚህ አልተሠራም። የበረንዳ ብረት ላይ ላስቲክ ማሰርማ ጭራሽ አይታሰብ።

አንድ ነገር ደግሞ፤ "የ40 ደቂቃ ታባታ" የሚሉ ቪዲዮዎች ያሳቁኛል። ጃፓናዊው ኢዙሚ ታባታና ባልደረቦቹ በ1996 ያሳተሙት ጥናት 20 ሰከንድ ሥራ፣ 10 ሰከንድ ዕረፍት፣ 7 ወይም 8 ዙር ነው፤ 4 ደቂቃ አካባቢ፣ ስፖርት በለመዱ ወጣቶች፣ ብስክሌት ላይ። ጥረቱ ከዚያ በኋላ መቀጠል የማይቻልበት ዓይነት ነው። 40 ደቂቃ መቆየት ከቻልሽ ታባታ አይደለም፤ ተራ ኢንተርቫል (ሥራና ዕረፍት የሚፈራረቅበት) ነው፣ ጥሩም ሊሆን ይችላል፣ ስሙ ግን አያስፈራሽ።

ታች_ፎቅ፦

ከ3ኛ ፎቅ በታች 2ኛ ፎቅ እንዳለ ያስታወሰ የለም! ሴራሚክ በቀጥታ ኮንክሪት ላይ ነው የተነጠፈው፤ የአንቺ አንድ ዝላይ የሰው ጣሪያ ላይ የሚወድቅ ዕቃ ነው። መርካቶና ስታዲየም አካባቢ የምታገኚው ስስ የዮጋ ምንጣፍ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለመንበርከክና ለመተኛት እንጂ ድምፅ አይከላከልም። ወፍራሙ ለስላሳው ደግሞ ቁሞ ለመሥራት እግርን ያወላግዳል፣ አንጓም ያሳምማል። ዝላይ የግድ ካልሽ እንደ እንቆቅልሽ የሚገጣጠመው ጠንከር ያለ ፎም፣ ቢያንስ 2 ሳንቲም ውፍረት ያለው፣ ያውም ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት። ተራ ምንጣፍ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፤ ከሥሩ የጎማ መረብ አድርጊ።

እግረ መንገዴን፦ ቡና ከተፈላ በኋላ ከሰሉ ሳይወጣ እዚያው ሳሎን አትጀምሪ። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፤ ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፣ አንቺ ደግሞ በፍጥነት እየተነፈስሽ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ "ስፖርቱ ከበደኝ" ትያለሽ። ከሰሉን አውጪ፣ መስኮትና በረንዳውን ክፈቺ፣ ቤቱ በደንብ እስኪናፈስ ጠብቂ።

የልደታዋ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄን ነበር የምፈልገው። ሁለት ነገር ብቻ። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ነው የምጾመው፤ መቼ ልሥራ? ደግሞ ሥጋና እንቁላል ሳይኖር ጡንቻ ይመጣል? ውኃም በፈረቃ ስለሆነ ቀኑ አይገጥምልኝም።

ኮች_አራትኪሎ፦

55ቱም ቀን ሥራሽን አታቋርጪ፣ ቀንሺው እንጂ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እህል ከመቅመስሽ በፊት 8 ሰዓት ላይ 20 ደቂቃ፣ ቀላሉን ብቻ፤ ለሥራ ቀን አይመችም፣ ሥራ ለማትገቢበት የጾም ቀን ይሆናል። የሚሻለው ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ 9 ሰዓት የበላሽው ወርዷል፣ ከዚያ በኋላ እራት መብላት ትችያለሽ። ከስግደት በኋላ ባለው ቀን ደግሞ ስኳቱን ተይው፣ ጭንሽ ሠርቷል።

ፕሮቲን፦ ለሚሠራ ሰው በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ስለሚባል ለአንቺ በቀን ከ89 እስከ 118 ግራም ነው። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው ሽሮ ላይ ነው። 100 ግራም ደረቅ ሽሮ ዱቄት ወደ 20 ግራም ፕሮቲን አለው፣ አንቺ ፊት የሚቀርበው ግን ብዙው ውኃ ነው፤ 40 ግራም ዱቄት ካለበት 8 ግራም አገኘሽ። ምስር ይሻላል፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ እንጀራውን ሳይሆን ወጡን አብዢ፣ ወፍራም ምስር ወይም ክክ ይሁን፣ መክሰስሽ ቆሎ ከሽንብራና ከአኩሪ አተር ጋር። 118 ባይሞላም አትጨነቂ፤ ለጀማሪ ከዝቅተኛው መስመር መጠጋት ጡንቻ ያመጣል።

ውኃው ከፈረቃ ጋር ካልገጠመ ላብ የሚያስወጣውን ቪዲዮ ውኃ በሚመጣበት ቀን፣ ጀሪካንና ስኳት ያለበትን በዝግታ የሚሠራውን ውኃ በሌለበት ቀን አድርጊ። ሁለተኛው ያን ያህል አያርስሽም።

ብረት_ገፊ፦

ጀሪካኑን እስከ አፉ ሙዪው። ግማሽ ከሆነ ውኃው ወዲያ ወዲህ ሲል አንጓሽን ይጠመዝዘዋል። ክዳኑ ሥር ቁራጭ ፌስታል አድርገሽ አጥብቂው፣ ሴራሚክ ላይ የፈሰሰ ውኃ ከዝላዩም ይብሳል። ለፈረቃ ያጠራቀምሽውን ደግሞ ለዚህ አትጠቀሚበት፣ አሸዋ ሙዪበትና ለብቻው አስቀምጪው።